ለጨረታ የቀረበችው ኮማንደር

ዕቃን ከነሳጥኑ ሳይከፍቱ መገምገም ይቻላል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ይቻላል እላችኋለሁ። በተለይ ሳጥኑ ፊት ለፊቱ እንደ መስኮት በላስቲክ የተሸፈነ ከሆነ ምንም ችግር የለም። ወዲህም ወዲያም ያዞሩታል፣ ወደ ብርሃን ያስጠጉታል፣ ስልኩን አንድ ነገር ላይ ደገፍ አድርገው ይቀርጹታል። የሚከብደው የገመገሙትን ዕቃ ለባለቤቱ መመለስ ነው።

እኔ ደባርቅ ልብስ ሰፊ ነኝ። የምሰፋው የቤተ ክርስቲያን ልብስ ነው፤ የካህናት ካባ፣ የዲያቆናት ቀሚስ፣ የመቅደስ መጋረጃ። ማንም አላስተማረኝም። የተቀደደ ካባ አምጡልኝ ልጠግነው እያልኩ፣ ውስጡ እንዴት እንደተሰፋ ለማየት ፈትቼ፣ መልሼ ሰፍቼ ነው ሙያውን ያገኘሁት። ዳባት ያሉ አንድ ቄስ ካባቸውን ከፈታሁት በኋላ እጅጌው የት እንደነበር ጠፍቶኝ ብዙ ወር በነጠላ ቀድሰዋል። ደግ ሰው ናቸው፤ እስከ ዛሬ ሰላም ይሉኛል።

ካባ የምትሰፋ ሴት ከጠፈር መርከብ ጋር ምን አገናኛት ትሉ ይሆናል። ያገናኘን ቴሌቪዥን ነው። በአማርኛ ድምፅ ተሰጥቶት የሚታይ «ሩቅ ምሕዋር» የሚባል ተከታታይ ፊልም አለ። አንዲት መርከብ ጠፈር ላይ መንገዷን ስታ ትቀራለች፤ አዛዧ ኮማንደር ኢልማ ትባላለች፤ ሰው ሁሉ መርከቧን ጥለን እንሽሽ ሲላት አሻፈረኝ ትላለች። ታሪኩ ይኸው ነው፤ ለዚህ ያን ሁሉ ክፍል መሥራታቸው ይገርመኛል፤ አንዱም ግን አላመለጠኝም። መጀመሪያ ዐይኔን የያዘው ታሪኩ ሳይሆን ካባዋ ነበር። ኮማንደሯ ብትሮጥ፣ ብትወድቅ፣ ጭራቅ ብትታገል ካባዋ ከትከሻዋ ንቅንቅ አይልም። እኔ የምሰፋላቸው ካህናት ደግሞ ገና በስመ አብ ሲሉ ካባው ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ሙያ ነውና ቀናሁ።

ከዚያ ፊገር የሚባለው ነገር መጣ። ፊገር ማለት የፊልሙን ሰው አስመስለው በትንሹ የሚሠሩት፣ ትልልቅ ሰዎች የሚሰበስቡት ዕቃ ነው። አሻንጉሊት አይደለም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የደረሰብኝ ሁሉ የደረሰብኝ ይህችን ልዩነት ዝም ብዬ ማለፍ ስላቃተኝ ነው።

የመጀመሪያውን ያገኘሁት ከሰሜን ተራሮች፣ ከቡይት ራስ ነው። አንድ ቱሪስት እግሩ የተሰበረ የ«ሩቅ ምሕዋር» ሮቦት ሎጅ ውስጥ ጥሎ ሄዶ፣ አስጎብኚ የሆነ ጎረቤቴ «ይኼ ያንቺ ፊልም አይደል?» ብሎ አመጣልኝ። ስፌት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ፣ ለጥገና እንደመጣ ካባ አገላብጬ እያየሁ፣ «ቀለሙ እዚህ ጋ ከጠርዝ ወጥቷል፣ አንገቱ ጠቧል፣ ወገቡን ማን እንደለካው እንጃ» እያልኩ በስልኬ ቀረጽኩና ኢንተርኔት ላይ ለቀቅኩት። ሰው ወደደው። ሌሎች ገምጋሚዎች ይህ የስንተኛው ክፍል ነው፣ በስንት ይሸጣል ይላሉ፤ እኔ ስፌት ስፌቱን እናገራለሁ። ከቆላው ከዛሪማ አንድ ሰው «እህቴ፣ አንቺን ስሰማ ሙቀቱን እረሳለሁ» ብሎ ጽፎልኛል። ለዛሪማ ሰው ይህ ቀላል ቃል አይደለም።

በቪዲዮው የሚታየው እጄ ብቻ ነው፤ ፊቴን አላወጣም። የመቅደስ መጋረጃ የምትሰፋዋ ሴት በአሻንጉሊት ትጫወታለች ከተባለ ማን ካባ ያሰፋኛል? «ፊገር ነው» እያልኩ ለስንቱ አስረዳለሁ?

እንዲህ እያልኩ ስቀጥል ጎንደር የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያለው ሚኪያስ የሚባል ሰብሳቢ ደወለልኝ። ኮማንደር ኢልማ ራሷ እሱ ዘንድ አለች። ለግምገማ ሊልክልኝ ፈለገ።

«አደራ ነው የምልሽ» አለኝ። «እኔ ራሴ ከፍቻት አላውቅም። ሳጥኗ ከተከፈተ ለሰብሳቢ ዋጋ የላትም።»

«ታዲያ የተሠራችው ለማን ነው?»

«ለሳጥኑ» አለኝ፤ አልሣቀም።

በሰላም ከመለስኳት የቀሩትን የመርከቧን ሰዎች በየተራ ሊልክልኝ ቃል ገባ። እኔም ቃል ገባሁ። አደራ የሚለው ቃል እኛ ዘንድ ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቁታላችሁ፤ ሰው የራሱን ቢጥል ያዝናል፣ አደራ ቢጥል ግን በምን ዐይኑ ሰው ያያል?

ኮማንደሯ በሚኒባስ መጣች። ቀረጽኳት፣ አደነቅኳት፣ የምትመለስበት መኪና እስኪገኝ ድረስ አቧራ እንዳይነካት፣ ሳጥኑም እንዳይቧጠጥ፣ ከመጋረጃ ሥራ በተረፈ ቀይ ከፈይ ጠቅልዬ አስቀመጥኳት። ይህ ጥንቃቄ ነው ያጠፋኝ።

ያን ሰሞን የደብራችን ንግሥ ነበር። ዐይኔን አሞኝ ስፌት አቁሜ በነበረበት ጊዜ የመቅደስ መጋረጃ ተስዬ ስለነበር፣ ሰፍቼ ጨርሼ እሱንም በዚያው በቀይ ከፈይ ጠቅልዬዋለሁ። በዋዜማው ለሌላ ሥራ የሚሆን ወርቃማ ክር አለቀብኝና ለመግዛት ዳባት ስወርድ፣ ለጎረቤቴ ለእትዬ ጥሩነሽ ቁልፍ ሰጥቼ «ስለት ሰብሳቢዎች ሲመጡ ጠረጴዛው ላይ በቀይ ከፈይ የተጠቀለለውን ይስጡልኝ» ብዬ ሄድኩ።

ስመለስ ጠረጴዛው ባዶ ነው።

«ሌላውስ ጥቅል?» አልኳቸው።

«ሰጠሁልሽ እንጂ!»

«ሁለቱንም?»

«ቀዩን ከፈይ አልሽኝ፤ ሁለቱም ቀይ ከፈይ ናቸው። የሰውን ስለት አጉድዬ ልስጥ ኖሯል? እኔስ ‹ይቺ ልጅ ለካ እንዲህ እጇ የተፈታ ነው› ብዬ ምርቃቴን አወረድኩልሽ።»

ሮጬ ደብሩ ስደርስ ዕቃ ቤቱ ተቆልፏል። ባለ ቁልፉ ዋዜማ ቆመዋል። በማግሥቱ ታቦቱ ወጥቶ፣ ዑደት አድርጎ፣ በእልልታ እስኪገባ እኔ ሙሉ ጊዜውን ያየሁት ያንን የተቆለፈ በር ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ለስለት የመጣው ዕቃ ለአገልግሎት የማይሆን ወይም የተረፈ ከሆነ በዐውደ ምሕረቱ ላይ ይጫረታል። በደብራችን ጨረታው በብር ብቻ አይደለም፤ በግ ያለው በበግ፣ ማር ያለው በማር፣ ሙያ ያለው በሙያው ይጫረታል። የሚያጫርቱት መምሬ ይርዳው ናቸው። አንዲት ጧፍ ሲያጫርቱ ራሱ የፋሲል ግንብ ይሸጣል ትላላችሁ። ጥላው ወጣ፣ ምንጣፉ ወጣ፣ ከዚያ ቀዩ ከፈይ ተፈታ።

መምሬ ይርዳው ሳጥኑን ገለበጡት፤ መለሱት፤ በመስኮቱ አጮልቀው አዩ። በድምፅ ማጉያው «ምእመናን!» አሉ። «ይህች ደግሞ… የፈረንጅ ፖሊስ አሻንጉሊት ናት!»

ማንም አልተነቃነቀም። እኔ በውስጤ እሰይ አልኩ። እጄን አውጥቼ «አንድ የዲያቆን ቀሚስ ሰፍቼ እሰጣለሁ!» አልኩ።

«አንድ ቀሚስ! ሌላ የለም? ለዚህች አሻንጉሊት አንድ ቀሚስ፣ አንደኛ! ለዚህች አሻንጉሊት…»

አልቋል እኮ! አፌን ብይዝ አልቆ ነበር። ግን «አሻንጉሊት» ሲሉ ሦስተኛ ጊዜ ሰማሁ።

«ፊገር ናት» አልኩ።

«ምን አልሽ ልጄ?»

«ፊገር ናት እንጂ አሻንጉሊት አይደለችም፣ አባታችን። ፖሊስም አይደለችም፤ የመርከብ አዛዥ ናት።»

ከሰንበት ተማሪዎቹ መካከል አንዷ «እንዴ! ድምጿን ስሙት!» ብላ ጮኸች። «የቪዲዮዋ ሴትዮ እኮ ናት! ‹ወገቡን ማን እንደለካው እንጃ› የምትለዋ!» ዘማሪዎቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ፤ አንዳንዱ ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ይሥቃል። ስንት ጊዜ የደበቅሁት ነገር በአንድ ቃል ተገለጠ።

«እንግዲያው የምታውቂው ከሆነ ወጥተሽ አስረጂ» አሉ መምሬ ይርዳው። ድምፅ ማጉያውን አስጨበጡኝ።

እንደው ምን አለ «አላውቅም» ብል? ግን ሰው ሙያውን ተጠይቆ እንዴት ዝም ይላል? ደግሞ አንዴ ከታወቅሁ ታወቅሁ ነው።

«ይህች ኮማንደር ኢልማ ናት» አልኩ። «ቁመቷ ስንዝር ከጋት ነው። ካባዋ እውነተኛ ጨርቅ ነው፤ ላስቲክ አይደለም። እዩት፣ ጠርዙ ተቀምቅሟል፤ ይህችን ለምታህል ካባ እንዲህ ያለ ቅምቀማ ዐይን ያጠፋል። ፊቷን እዩ፤ ሁለቱ ዐይኖቿ እኩል ናቸው። እኩል ዐይን ያለው ፊገር ብርቅ ነው።» እዚህ ላይ ነቃሁና ዋጋ ላውርድ ብዬ «ጉድለትም አላት!» አልኩ። «ቀበቶዋ ቀለም ብቻ ነው፤ አልተሠራም። ጫማዋም ትንሽ ወፍሯል።»

ከፊት ረድፍ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን አነሡ። አያ ጓንጉል ናቸው፤ ከጃናሞራ በበቅሎ ለንግሥ የመጡ ገበሬ። ወንድማቸው ካባ የምሰፋላቸው ቄስ ስለሆኑ አውቃቸዋለሁ፤ ገበያ ወጥተው የመጀመሪያውን ዋጋ የተቀበሉበት ቀን የለም።

«የዕቃዋን ጉድለት የምትናገር ሴት ዛሬ ገና አየሁ» አሉ። «ዕቃው እውነተኛ ነው ማለት ነው። ደግሞስ የስለት ዕቃ በአንድ ቀሚስ ይወጣል? አንድ ሙክት!»

«አያ ጓንጉል፣ ምን ያደርግልዎታል?» አልኳቸው።

«አንቺንስ ምን ያደርግልሻል?»

ምን ልበል። «አንድ ካባ!» አልኩ።

መምሬ ይርዳው ግራ ገባቸው። ካባ ከሙክት ይበልጣል ወይስ ያንሳል? የደብሩን አለቃ፣ አለቃ ምሕረቱን ዞረው አዩአቸው። አለቃ ጢማቸውን እያሻሹ አሰቡና «ጨርቁ የማን ነው?» አሉ።

«የእኔ።»

«እንግዲያው ከሙክቱ በልጣለች።»

አያ ጓንጉል ሙክቱ ላይ ማር ጨመሩ። እኔ የዲያቆናቱን ሁሉ ቀሚስ አልኩ። እሳቸው ሁለት ሙክት። በዚህ መካከል መምሬ ይርዳው ሳጥኑን ከፍ አድርገው ሲያሳዩ፣ በሳጥኑ ቀዳዳ በኩል ያለውን ቁልፍ አውራ ጣታቸው ተጫነው። ኮማንደሯ በእጇ የያዘችው ዘንግ አረንጓዴ በራ። በእንግሊዝኛም ተናገረች፤ ድምፅ ማጉያው አጠገቧ ነበርና ድምጿ ቅጥር ግቢውን ሞላው። ሕዝቡ አማተበ። መምሬ ይርዳው ሳይጥሏት መቅረታቸው ጽድቅ ነው።

«ምን አለች? ምን አለች?» ሆነ።

እኔ መተርጎም አልነበረብኝም። ግን ሁሉም እኔን ያያል፤ አለቃም ጭምር።

«‹መርከቤን አልለቅም፣ ከሰዎቼ ጋር እቀራለሁ› ነው ያለችው።»

«ሆሆይ!» አሉ አንዲት ሴት። እልልታ ተሰማ። አያ ጓንጉል ብድግ አሉ። «ይህችማ ከእኔ ጋር ነው የምትሄደው! ሦስት ሙክትና ማር!»

ከዚያ በላይ የምሰፋው አልነበረኝም፤ የዚያ ዓመት ጣቶቼ ሁሉ ተጫርተው አልቀዋል። ወደ አለቃ ጠጋ ብዬ በጆሯቸው ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የእኔ እንዳልሆነች፣ የሰው አደራ እንደሆነች፣ በስሕተት እንደመጣች።

«ቀድመሽ አትናገሪም ነበር፣ ልጄ?» አሉኝ በዝግታ። «የሰው ገንዘብ ስለት አይሆንም። ባለቤቱ ‹የእኔ ናት፣ መልሱልኝ› ካለ እንመልሳለን። ደውዪለት።»

ከዐውደ ምሕረቱ ሥር ቆሜ ደወልኩ። ነገሩን እየተንተባተብኩ ነገርኩት። ከጀርባዬ ከበሮ ይሰማል።

«የት ነው ያላችሁት?» አለ ሚኪያስ።

«ደብሩ፣ ዐውደ ምሕረቱ ሥር። አለቃ እየጠበቁህ ነው። ‹መልሱልኝ› በል፤ በቃ።»

«እኔ?» አለ። «ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የገባ ዕቃ መልሱ ልበል? እናቴ ብትሰማ ቤቷ አታስገባኝም!»

«ስለት እኮ አይደለም፤ ስሕተት ነው!»

«ስሕተቱን ያደረግሽው አንቺ፣ ታቦት ፊት የምከራከረው እኔ? አልልም።» ወዲያው ደግሞ ጠየቀ፤ «እስከ ስንት ደርሷል?»

«ሦስት ሙክትና ማር።»

«ማነው የሚጫረተው?»

«የጃናሞራ ገበሬ ናቸው።»

«በይ ለእኔም ተጫረቺልኝ። አንድ አዲስ ድምፅ ማጉያ፣ ከነማይኩ።»

እንግዲህ የገዛ ዕቃውን ሊገዛ ነው። ስነግራቸው መምሬ ይርዳው ዐይናቸው በራ፤ ያሁኑ ማጉያ በየቃሉ እንደ ቁራ ይጮኽባቸዋል። «አንድ ሙሉ ድምፅ ማጉያ! ከጎንደር! በስልክ!» ብለው አወጁ።

«በስልክ» ማለታቸው ስሕተት ነበር። አያ ጓንጉል ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ጎንደሬ?» አሉ። «ለንግሥ ሳይመጣ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ በስልክ ከእኔ ሊቀማ? እኔ ገደሉን ሁሉ ዞሬ የመጣሁት? ወይፈን! አንድ ወይፈን!»

ግቢው አንድ ላይ «ኡ!» አለ። ወይፈን ማለት ለገበሬ የወደፊት በሬ ማለት ነው። ወደ ስልኩ «ወይፈን ሰጡ» አልኩ። ሚኪያስ ከዚያ በላይ አልጨመረም። መምሬ ይርዳው አንደኛ አሉ፣ ሁለተኛ አሉ፣ ወደ እኔ አዩ፣ ስልኩን አዩ፣ ሦስተኛ አሉ። እልልታው ቀለጠ። ኮማንደር ኢልማ ለጃናሞራ ጸናች።

አያ ጓንጉል በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፤ ተሳለሙ። እኔ ቀረብ ብዬ «አያ ጓንጉል፣ አደራ፣ ሳጥኗን እንዳይ…» ስል ካራቸው ወጥቷል። ወይፈን ሰጥቶ የገዛውን ዕቃ ሳያገላብጥ የሚወስድ ገበሬ አለ ብዬ ማሰቤ ራሱ የእኔ ቂልነት ነው። ጥርሱን ሳያዩ በቅሎ አይገዙም፤ ኮማንደር በሳጥን ይገዛሉ? ካርቶኑ ከላይ እስከ ታች ተተለተለ።

«ምንድን ነው የሚቀደደው?» አለ ሚኪያስ በስልክ።

«ነፋስ ነው» አልኩት።

«የምን ነፋስ?»

«ይኸው የሰሜን ነፋስ።»

ላስቲኩ ሲገነጠል ደግሞ የባሰ ድምፅ አወጣ። ዝም ብዬ ብቆይ ይሻል ነበር፤ ግን ለዚህ ደግሞ የምን ነፋስ ላምጣ? «ከፈቷት» አልኩ። «ሚኪያስ፣ ከፈቷት። አደራህን በላሁ። የምትለኝን በለኝ።»

በስልኩ ውስጥ የሱቁ ሬዲዮ ይሰማል። ከዚያ እሱም ጠፋ፤ ዘግቶት መሰለኝ። ስድቡን ልቀበል ጆሮዬን አዘጋጀሁ።

«እጅሽ ላይ ናት?» አለ።

«አያ ጓንጉል እጅ ላይ።»

«የካባዋ ጀርባ…» አለ፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል። «የካባዋ ጀርባ ምን ይመስላል?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሰውየው ያን ሁሉ ጊዜ ይዟት የካባዋን ጀርባ አይቶ አያውቅም።

«አያ ጓንጉል፣ እስቲ ያዙሩልኝ» አልኩ። አዞሩልኝ። «ጀርባዋ ላይ ጥልፍ አለ» አልኩት። «ከፊት የማይታይ። የመርከቧ ምልክት ነው፤ በብርማ ክር። ክሩ አልዘለለም። ትከሻዋ ላይ በውስጥ በኩል ሁለት ማያያዣ አለ። ለካ ለዚህ ነው የማይንሸራተተው!» እኔም በዚያው ለካህናቴ መድኃኒት አገኘሁ።

«በብርማ ክር?»

«በብርማ ክር።»

«ዘንጓ ይወጣል?»

አያ ጓንጉል ዘንጓን ነቅለው መልሰው ሰኩ። «ይወጣል፤ ደግሞ ይመለሳል» አልኩ። ያ በድምፅ ማጉያ ያሰማሁት ግምገማ ሁሉ ከንቱ ልፋት ነበር፤ እውነተኛው ይህ ነው። አያ ጓንጉል «ማነው የሚጠይቀው?» አሉኝ። «ያ ጎንደሬ ነው» አልኳቸው። ሣቁና ኮማንደሯን ይዘው ወደ በቅሏቸው ሄዱ፤ እኔም ስልኬን ይዤ ተከተልኳቸው።

«አንድ ነገር ብቻ» አለ ሚኪያስ። «ሰብሳቢዎች ሲከራከሩ እሰማለሁ። ካባው ስለሚያግዳት መቀመጥ አትችልም ይላሉ። ትችላለች?»

ሳልጠይቃቸው አያ ጓንጉል ጉልበቷን አጥፈው፣ ካባዋን ወደ ኋላ ዘርግተው፣ ኮርቻው ላይ ከፊታቸው አስቀመጧት። እሳቸውም ወጡ። በቅሎዋ ጆሮዋን አንዴ ነቅነቅ አድርጋ መንገድ ጀመረች።

«ተቀምጣለች» አልኩት።

«የት?»

«በቅሎ ላይ። ወደ ጃናሞራ እየወጣች ነው።»

በቅሎዋ ከደጀ ሰላሙ ወጥታ ጥጉን ዞረች፤ ካባው እንኳ አልተንሸራተተም።

«እኔ ደግሞ» አለ ሚኪያስ፣ «ያን ያህል ዓመት አቁሜአት ኖርኩ!»